በቀጠሮ መዝናናት

ትምህርት ቤቶች ለዕረፍት ሊዘጉ ሲቃረቡ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በምንኖር ወላጆች መካከል የኦርላንዶ ጉዞ ወሬ ይጀመራል። ልጆቹ ዲዝኒ ወርልድን ከክፍል ጓደኞቻቸው ሰምተው ካደሩ በኋላ ቤት ውስጥ ሌላ ርዕስ የለም። ወላጆች የአውሮፕላኑን፣ የሆቴሉንና የፓርኩን መግቢያ ዋጋ ደምረው ሲጨርሱ ደግሞ ያላሰቡት አንድ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል፤ ጨዋታዎቹን ከጉዞው በፊት በሰዓት በሰዓት ማስያዝ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም? ከወዳጆቼ ጋር በስልክ የጀመርኩትን ይህን ክርክር በጽሑፍ መጨረስ ስለፈለግሁ አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በቀን አንድ ቀጠሮ፣ ያውም ከቤተሰቡ መካከል ረጅም ሰዓት መቆም ለማይችለው ሰው ተብሎ የተያዘ ቀጠሮ፣ ጉዞውን ያሳምረዋል። ቀኑን ከጠዋት እስከ ማታ በተደረደረ ቀጠሮ መሙላት ግን ዓመት ሙሉ የተጠራቀመለትን ዕረፍት ወደ ሥራ ቀን ይለውጠዋል።

አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። በዲዝኒ ወርልድ ታዋቂ የሆኑት ጨዋታዎች ሁለት መግቢያ አላቸው። አንደኛው ማንም ሰው በመግቢያ ትኬቱ ብቻ የሚሰለፍበት መደበኛው ሰልፍ ነው፤ ሁለተኛው ላይትኒንግ ሌን የሚባለው፣ ተጨማሪ ገንዘብ የከፈሉ ሰዎች የሚገቡበት አጭር መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሥርዓት መልቲ ፓስ የሚባለውን የላይትኒንግ ሌን ፈቃድ የገዛ ሰው በአንድ ፓርክ ውስጥ እስከ ሦስት ጨዋታዎች አስቀድሞ ይይዛል፤ ለእያንዳንዱም የአንድ ሰዓት የመምጫ ጊዜ ይሰጠዋል። ከሦስቱ አንዱን ከተጠቀመ በኋላ ሌላ አንድ፣ ከዚያም ሌላ አንድ እያከለ መሄድ ይችላል። በዲዝኒ ሆቴሎች ያረፉ እንግዶች ከ7 ቀን በፊት፣ ሌሎቻችን ከ3 ቀን በፊት መያዝ እንጀምራለን፤ ምዝገባው የሚከፈተው በአገራችን አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በአሜሪካኖቹ 7 ሰዓት ላይ ነው። እንደ ራይዝ ኦፍ ዘ ሬዚስታንስና እንደ ፍላይት ኦፍ ፓሴጅ ያሉት እጅግ ተፈላጊ ጨዋታዎች በመልቲ ፓሱ ውስጥ አይካተቱም፤ ሲንግል ፓስ በሚባል ለየብቻ ይሸጣሉ። ዋጋው እንደ ቀኑና እንደ ፓርኩ የሚለዋወጥ ሲሆን፣ በበዓላት ሰሞን ይወደዳል።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር ቢኖር ቀጠሮ አንዲት ተጨማሪ መቀመጫ እንኳ እንደማይፈጥር ነው። አንድ ጨዋታ በሰዓት 1,000 ሰው የሚያስተናግድ ከሆነ፣ ቀጠሮ ኖረም አልኖረም የሚያስተናግደው ያንኑ 1,000 ሰው ነው። ለምሳሌ ያህል እናስላው። ሰልፉ አንድ ብቻ ቢሆንና ከፊታችን 300 ሰው ቢኖር፣ ተራችን በ18 ደቂቃ ይደርሳል። ከ1,000ው ቦታ 700ው ለባለ ቀጠሮዎች ቢመደብ ግን መደበኛው ሰልፍ በሰዓት የሚያሳልፈው 300 ሰው ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ ያው 300 ሰው ያለበት ሰልፍ አንድ ሙሉ ሰዓት ይፈጃል። ሰልፉን በዓይኑ ለክቶ አጭር ነው ብሎ የገባ ሰው ለምን እንደማይንቀሳቀስ የሚገባው ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ ሲደርስ ነው፤ እዚያ የቆመው ሠራተኛ ባለ ቀጠሮዎቹን በርከት አድርጎ እያሳለፈ ከመደበኛው ሰልፍ ጥቂት ጥቂት ያስገባል። መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ታክሲ ለመያዝ ተሰልፎ ከፊት በኩል ሌሎች ሲገቡ ቆሞ ያየ የአዲስ አበባ ሰው ስሜቱን አሳምሮ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ውጤት ከዚህ ይልቅ የተሰወረ ነው። ሰልፍ ውስጥ የቆመ ሰው በዚያው ሰዓት በሌላ ሰልፍ ውስጥ ሊገኝ አይችልም። ቀጠሮ የያዘ ሰው ግን ሰዓቱ እስኪደርስ ድረስ እግሩ ነጻ ስለሆነ፣ በመካከሉ ሄዶ ሌላ ጨዋታ ላይ ይሰለፋል፤ በአንድ ጊዜ በሁለት ቦታ ተራ ያዘ ማለት ነው። አንድ ቤተሰብ ይህን ሲያደርግ ብልህነት ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ቀን ሲያደርገው ግን፣ ቀድሞ ያለ ብዙ ጥበቃ ይገባባቸው የነበሩት መካከለኛ ጨዋታዎች ሁሉ ሰልፋቸው ይረዝማል፣ መንገዶቹም ሰዓታቸውን በሚጠብቁ ሰዎች ይጨናነቃሉ። ከዚያ በኋላ ያልከፈለው ሰው ሰልፉ ሲሰለቸው በማግሥቱ ይከፍላል፤ ባለ ቀጠሮው በበዛ ቁጥርም መደበኛው ሰልፍ ይብስ ይዘገያል፤ መደበኛው ሰልፍ በዘገየ ቁጥር የሚከፍለው ሰው ይጨምራል። ቀጠሮ ማስያዝ አስፈላጊ የሚመስለው በከፊል ሌሎች ሰዎች ስላስያዙ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ እዚህ የደረሰበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። ዲዝኒላንድ በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲከፈት (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ከመግቢያው ሌላ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ለየብቻው ይከፈል ነበር። በዚያው ዓመት በፊደል የተመደቡ ኩፖኖችን የያዘ ደብተር መሸጥ ተጀመረ፤ ኤ የሚለው ለቀላሎቹ ጨዋታዎች ሲሆን፣ በ1959 የተጨመረው ኢ ደግሞ ለምርጦቹ ነበር። ኩፖኖቹ በ1982 ቀርተው አንዴ ከፍሎ የገባ ሰው ሁሉንም መጫወት ሲፈቀድለት፣ ማን ምን ያህል እንደሚጫወት የሚወስነው ትዕግሥት ሆነ። በ1999 ፋስትፓስ መጣ። በዚህ ሥርዓት ሰው መግቢያ ትኬቱን በጨዋታው በር ላይ ወዳለው ማሽን ያስገባና ተመልሶ የሚመጣበትን ሰዓት የያዘ ወረቀት ይቀበላል፤ ክፍያ አልነበረውም፤ ሁሉም ሰው ፓርኩ ውስጥ ከገባ በኋላ እኩል ይጀምራል። በ2014 ወረቀቱ ቀርቶ በአምባርና በስልክ የሚሠራው ፋስትፓስ ፕላስ በዲዝኒ ወርልድ ተተካ፤ ያኔም ነጻ ቢሆንም፣ በፓርኩ ሆቴሎች ያረፈው ከ60 ቀን፣ ሌላው ከ30 ቀን በፊት መያዝ ቻለ። ወረርሽኙ በመጋቢት 2020 ፓርኮቹን ካዘጋ በኋላ ነጻው አገልግሎት ተመልሶ አልመጣም። በጥቅምት 2021 ጂኒ ፕላስ የተባለው የክፍያ አገልግሎት በአንድ ሰው በቀን 15 ዶላር ተጀመረ፤ ያኔ አስቀድሞ መያዝ ስለማይቻል የዕረፍቱ ቀን ሁሉ የሚነጋው ስልክ ላይ በማፍጠጥ ነበር። የ2024ቱ ለውጥ አስቀድሞ መያዝን መለሰ፤ ነጻነቱን ግን አልመለሰም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የማይለወጥ ነገር አለ፤ መቀመጫው ከፈላጊው ያንሳል፤ ስለዚህ በሆነ መለኪያ መከፋፈል አለበት። መለኪያው መጀመሪያ ገንዘብ ነበር፤ ከዚያ ትዕግሥት ሆነ፤ ከዚያ ቀድሞ ማቀድ ተጨመረበት፤ ዛሬ ገንዘብና ማቀድ አንድ ላይ ተጣምረዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ማቀድ ለሁሉም እኩል የተሰጠ ችሎታ አይደለምና። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ስልኩን ከፍቶ፣ የክሬዲት ካርዱን አዘጋጅቶ፣ የቤተሰቡን ስም ሁሉ በአፑ ውስጥ አስገብቶ መጠበቅ የሚችለው ማን ነው? የሌሊት ፈረቃ ሠርታ በዚያ ሰዓት በሽተኛ ለተረካቢዋ የምታስረክብ ነርስ አትችልም። ሌሊቱን ሙሉ ከአየር ማረፊያ መንገደኛ ሲያመላልስ ያደረ ሹፌርም አይችልም። በቅርብ ጊዜ የመጡና እንግሊዝኛው ገና ያልለመዳቸው ወላጆች ደግሞ አፑ ውስጥ ያለው መልቲ፣ ሲንግል፣ የደረጃ ምደባ የሚል ዝርዝር ግራ ያጋባቸዋል፤ ብዙ ጊዜ ይህን ሥራ የሚሠራላቸው የ12 ዓመት ልጃቸው ነው። እነዚህ ሰዎች ለመግቢያ የሚከፍሉት ከሌላው እኩል ነው። በቀድሞው ሰልፍ ቢሆን ማለዳ ተነሥቶ በር ላይ መገኘት ብቻ ይበቃቸው ነበር፤ ማለዳ መነሣቱን ደግሞ ማንም አይቀድማቸውም።

በመከር 2024 ፕሪሚየር ፓስ የሚባል ሌላ አገልግሎት ታክሏል። ይህ ለአንድ ሰው በአንድ ቀን ከመቶ ዶላር በላይ የሚጀምርና በተጨናነቁ ቀናት ከ400 ዶላር የሚያልፍ ሲሆን፣ ሰዓት መያዝ ሳያስፈልግ በላይትኒንግ ሌን እያንዳንዱን ጨዋታ አንድ ጊዜ ያስገባል። ይህን ያህል ገንዘብ ያለው ሰው የሚገዛው ትልቁ ነገር ከሰዓት ነጻ መሆን መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ባለ ሀብቱ ቀጠሮ ላለመያዝ ይከፍላል፤ መካከለኛው ቀጠሮ ለመያዝ ይከፍላል። ቀጠሮው በራሱ ደስታ ቢሆን ኖሮ ዋጋው ሲጨምር አይጠፋም ነበር።

አሁን ወደ ቤተሰብ ጉዳይ ልምጣ፤ የእኔ ዋና ክርክር ያለው እዚህ ነው። የእኛ ቤተሰቦች ጉዞ እናት፣ አባትና ሁለት ልጆች ብቻ ሆኖ አያውቅም። አያት ከአዲስ አበባ መጥታ ከሆነ አብራ ትሄዳለች፤ አክስት ከአትላንታ ትጨመራለች፤ የወንድም ልጆች ይከተላሉ። በዚህ ቡድን ውስጥ የቁመት ገደቡ ሁሉንም ይለያያል። ስሊንኪ ዶግ ዳሽ 97 ሴንቲ ሜትር፣ ስፔስ ማውንቴን 112፣ ትሮን 122 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃሉ። ስለዚህ የሦስት ቀጠሮ ዕቅድ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታቀደው ለትልልቆቹ ልጆች ነው፤ ትንሿና አያትዋ ደግሞ የሌላውን ሰዓት ጠባቂዎች ይሆናሉ። በአንድ የመዝናኛ ፓርክ ያሳለፍነውን ቀን አስታውሳለሁ። የተያዙት ሰዓቶች በፓርኩ ሦስት ማዕዘን ተበትነው ነበር፤ እናቴ ከአንዱ አግዳሚ ወንበር ወደ ሌላው እየተዘዋወረች፣ ቦርሳና ጃኬት እየጠበቀች ዋለች። አንድ ጊዜም አልተማረረችም። ማታ ሆቴል ስንገባ ግን ለልጆቹ የነገረቻቸው ታሪክ ስለ ፓርኩ ሳይሆን አጠገቧ ተቀምጠው ስለነበሩ ከፖርቶ ሪኮ ስለመጡ አንዲት አሮጊት ነበር። ያን ዕለት አብረን ሄደን ተለያይተን እንደዋልን ተሰማኝ፤ ያን ስሜት አልወደድኩትም።

ሰልፍ ክፉ ነው ብለን ብቻ ማለፍ የለብንም። አብሮ መሰለፍ፣ መጠኑን እስካላለፈ ድረስ፣ ቤተሰብ የሚያወራበት ጊዜ ነው። በዘወትር ሕይወታችን ልጆቻችንን ቁጭ አድርገን የምናወራበት ሰዓት ምን ያህል ነው? ሃያና ሠላሳ ደቂቃ በጥላ ሥር ቆሞ፣ ያለፈውን ጨዋታ እያነሡ መሣቅ፣ የሚመጣውን እየፈሩ እጅ ለእጅ መያያዝ የዕረፍቱ አንድ ክፍል ነው። ፓርኮቹም ይህን ስለሚያውቁ ረጃጅም ሰልፎቻቸውን እንደ ታሪክ መግቢያ አድርገው ያሳምሯቸዋል፤ በፍላይት ኦፍ ፓሴጅ ሰልፍ ውስጥ ያሉት ዋሻዎችና ቤተ ሙከራው በአጭሩ መንገድ የሚያልፍ ሰው በአብዛኛው የማያያቸው ናቸው። ከአንድ ሰዓት በላይ፣ በፍሎሪዳ ሙቀት፣ የአራት ዓመት ልጅ አቅፎ መቆም ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለዚህ አልከራከርም።

ቀጠሮ በእውነት የሚረዳው በዚህ ጊዜ ነው። ቀድሞ የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት መምህር የነበረው ዴቪድ ማይስተር በ1985 ስለ ሰልፍ ሲጽፍ፣ መጨረሻው የማይታወቅ ጥበቃ መጨረሻው ከሚታወቀው ይረዝምብናል ብሎ ነበር። ሕፃን ልጅ ያለው ሰው ይህን ያለ ማስረጃ ይቀበለዋል። ልጁ በስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ አያት መቼ መቀመጥ እንዳለባት ማወቅ የሚቻለው የሚገባበት ሰዓት ሲታወቅ ነው። ጉልበቷን የሚያማት እናት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት አባት ይዞ የሚሄድ ሰው፣ ለእነሱ ሲል አንዲት ቀጠሮ ቢገዛ ገንዘቡ አልባከነም። ዲዝኒ ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ልዩ የሰልፍ አገልግሎት ከ2024 ወዲህ በዋናነት እንደ ኦቲዝም ባሉ የዕድገት ሁኔታዎች ምክንያት ሰልፍ ለማይችሉ እንግዶች ስለተወሰነ፣ መቆም ብቻ ለሚያስቸግራቸው አረጋውያን የቀረው መንገድ ተሽከርካሪ ወንበር ይዞ በመደበኛው ሰልፍ መግባት ወይም ቀጠሮ መግዛት ነው። ወንበሩን መከራየት የሚያፍሩ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ሳያፍሩ እንዲከራዩ አጥብቄ እመክራለሁ።

እናቴ በነሐሴ በመጣችበት ጊዜ የፍልሰታ ጾም ላይ ነበረች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብም ውኃም ሳትቀምስ በኦርላንዶ ፀሐይ መዋል እንደማይቻል ስለተነጋገርን፣ ለእሷ የሚሆነውን ነገር ሁሉ ማለዳ አደረግነው። የያዝነው ቀጠሮ አንድ ነበር፤ ከዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች አንዱ በሆነው በአኒማል ኪንግደም የሚገኘው ኪሊማንጃሮ ሳፋሪስ። በክፍት መኪና ተቀምጦ ሰፊ ሜዳ ውስጥ ቀጭኔ፣ ዝሆንና አውራሪስ እያዩ መዞር ነው፤ የቁመት ገደብ ስለሌለው ከትንሿ ልጅ እስከ አያት ሁሉም አንድ መኪና ላይ ይወጣሉ። ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ እንስሳቱም ይንቀሳቀሳሉ። ቀጭኔው ወደ መኪናው ሲጠጋ እናቴ የልጄን እጅ ይዛ ስለ ልጅነቷ አገር፣ ስለ ሰሜን ኦሞ ቆላ ማውራት ጀመረች፤ ልጄ ስለዚያ አገር የሰማው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የቀረውን ቀን ማንም ሰዓት አላየም። እሷ ወደ ሆቴል ተመልሳ ዐረፈች፤ ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ያገኙትን ያህል ተጫወቱ።

የአየር ጠባዩም ከመርሐ ግብር ጋር አይስማማም። በፍሎሪዳ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ወራት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው፤ በአቅራቢያው መብረቅ ሲታይ ከቤት ውጭ ያሉት ጨዋታዎች ሁሉ ይቆማሉ። ቀጠሮው በዚያ ሰዓት ላይ ከሆነ ዲዝኒ በኋላ ተመልሶ መግቢያ ይሰጣል፤ ይህ ተገቢ አሠራር ነው። ነገር ግን ሦስት ቀጠሮዎችን እርስ በርስ ያጠላለፈ ሰው አንዱ ሲናድ ሌሎቹን እንደገና ሲያስተካክል ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ከስልኩ ቀና አይልም። ቢያንስ ከሰዓት በኋላ የሚያዘው ጨዋታ ጣሪያ ያለው ቢሆን ይሻላል።

ቅድሚያ ሁሉ በሰዓት የተቆረጠ መሆን የለበትም፤ ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከእኛ ሰፈር በ95 አውራ ጎዳና ወደ ሪችመንድ አቅጣጫ ሲነዳ የሚገኘው ኪንግስ ዶሚኒየን ፋስት ሌን የሚባል አምባር ይሸጣል፤ የገዛው ሰው በፈለገው ሰዓት በአጭሩ መንገድ ይገባል። በኦርላንዶ ያለው ሌላው የመዝናኛ ፓርክ፣ ዩኒቨርሳል፣ የሚሸጠው ኤክስፕረስም እንዲሁ ሰዓት አይጠይቅም፤ በአንዳንድ ውድ ሆቴሎቹ ያረፈ እንግዳ እንዲያውም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያገኘዋል። የፍትሕ ጥያቄው በእነዚህም ላይ ይነሣል፤ መደበኛውን ሰልፍ እነሱም ያዘገያሉ። ሆኖም ቤተሰቡን ወደ ሰዓት ተገዥነት አያስገቡትም።

ከሁሉም በላይ ትኩረቴን የሳበው የዩኒቨርሳል የውኃ ፓርክ፣ ቮልኬኖ ቤይ፣ በ2017 ሲከፈት የተጀመረው ዘዴ ነው። እያንዳንዱ እንግዳ ሲገባ ታፑ ታፑ የተባለ አምባር በነጻ ይሰጠው ነበር፤ የውኃ መንሸራተቻው ጋ ሄዶ አምባሩን ሲያስነካ ተራ ይይዝለታል፤ ተራው ሲደርስ አምባሩ ያሳውቀዋል። በአንድ ጊዜ መያዝ የሚቻለው አንድ ተራ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከላይ ያነሣሁት በሁለት ቦታ የመሰለፍ ችግር በእጅጉ ይቀንሳል። በአምባሩ ተራ የሚያዘው ፓርኩ ውስጥ ነው እንጂ ከቤት አይደለም። ሰውም የሚጠብቀው በአሸዋው ላይ ተጋድሞ ወይም በዝግታ በሚፈስሰው ወንዝ ላይ ተንሳፍፎ ነው፤ ጥበቃው ራሱ መዝናናት ሆነ ማለት ነው። በተጨናነቀ ቀን ጥበቃው እጅግ መርዘሙ አልቀረም፤ መቀመጫ የሚፈጥር ዘዴ እንደሌለ አስቀድሜ ተናግሬአለሁ። ነገር ግን ፓርኮች እንግዶቻቸውን ለማሳረፍ ከልብ ካሰቡ፣ መነሻቸው ይህ መሆን ነበረበት ብዬ አምናለሁ። በአንጻሩ ራይዝ ኦፍ ዘ ሬዚስታንስ በታኅሣሥ 2019 ሲከፈት የነበረው ነጻ ምናባዊ ሰልፍ የቀኑን ቦታ ሁሉ ማለዳ በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርስ ነበር፤ ያንን ያላገኘ ልጅ ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ እንኳ መግባት አይችልም ነበር። ነጻ መሆን ብቻውን ለፍትሕ አይበቃም።

እንግዲህ ለሚጠይቁኝ ወዳጆች የምነግራቸው ይህን ነው። መጀመሪያ ቤተሰቡን ሰብስባችሁ እያንዳንዱ ሰው፣ አያትም ሳትቀር፣ ሳያየው ቢመለስ የሚቆጨውን አንድ ነገር ይናገር። ከተባሉት መካከል ሰልፉ የሚረዝመውንና ደካማው ሰው የሚገባበትን አንዱን ብቻ በቀጠሮ ያዙ፤ ከተቻለም ማለዳ ይሁን። የቀሩትን ጨዋታዎች ፓርኩ ሲከፈት በር ላይ በመገኘት መጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ መጨረስ ይቻላል፤ በዲዝኒ ሆቴል ያረፈ ደግሞ ከሌላው 30 ደቂቃ ቀድሞ ይገባል። ቁመቱ ያልደረሰ ልጅ ካለ፣ አንዱ ወላጅ ሲጫወት ሌላው ልጁን ይዞ ቆይቶ ከዚያ ያለ ሰልፍ የሚተካበት ነጻ አገልግሎት ስላለ በጨዋታው በር ላይ ያለውን ሠራተኛ ጠይቁ፤ ይህን የማያውቁ ሰዎች ሁለት ጊዜ ሲሰለፉ አይቻለሁ። በሌላው የዲዝኒ ወርልድ ፓርክ፣ በማጂክ ኪንግደም፣ የሚዞረውን ባቡርና ፒፕል ሙቨር የተባለውን ከፍ ብሎ የሚሄድ ተሽከርካሪ አትናቁ፤ አያቶች ተቀምጠው፣ ነፋስ እየነካቸው ፓርኩን ሁሉ ያዩበታል፤ ቀጠሮም አይጠይቁም። ማታ ደግሞ ፓርኩ ከመዘጋቱ በፊት ሰልፍ ውስጥ የገባ ሰው ሰዓቱ ቢያልፍም ስለሚስተናገድ፣ ትልልቆቹ ልጆች የፈለጉትን ከባድ ጨዋታ ለመጨረሻ ቢያቆዩት ብዙ ጊዜ ይሳካላቸዋል።

ገና ለትምህርት ያልደረሱ ልጆች ያላቸው ወላጆች ከዚህ ሁሉ የሚሻል ምርጫ አላቸው። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ በኋላ ያሉት የመስከረም ሳምንታት፣ በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ በኦርላንዶ ከዓመቱ ጸጥ ካሉት ወቅቶች አንዱ ናቸው፤ ያኔ የላይትኒንግ ሌን ገንዘብ በኪስ ይቀራል። ወቅቱ የአውሎ ነፋስ ወራትም ስለሆነ የአውሮፕላን ትኬቱና የሆቴሉ ቀን ያለ ቅጣት የሚለወጥ መሆኑን አረጋግጦ መግዛት ያስፈልጋል።